በሕይወት ሳሉ ያሰመሩት መስመር፦ የሞተ ሰው የጾታ ማንነትና የጋዜጠኛ ሥነ ምግባር

ስለ ሞተ ሰው ደስ የማይል ነገር ልንናገር ስንል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን። ሟች መልስ መስጠት ስለማይችል ተናጋሪው ራሱን ይግታ ማለት ነው። ጋዜጠኝነት ደግሞ ከዚህ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ነገር ያስተምረናል፤ እውነት ከሆነና ከተረጋገጠ ይነገር ይለናል። ሁለቱ ፊት ለፊት የሚፋጠጡበት አንድ ቦታ አለ። ጋዜጠኛው ስለ ሟች የጾታ ማንነት፣ ሟች በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ያልተናገረውን ነገር ያውቃል። ይጻፈው ወይስ ይተወው? ፈቃድስ ከማን ያገኛል?

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄውን እዚህ ቶሮንቶ ጋዜጠኝነት ስማር በሥነ ምግባር ክፍል ውስጥ አገኘሁት፤ ወደዚህ መጽሔት ያመጣሁት ግን የእኛም ጥያቄ ስለሆነ ነው። የተማሪ ማኅበራት ዜና ዕረፍት ያወጣሉ። ቶሮንቶ ያለ የክፍል ጓደኛ፣ ዋሽንግተን ያለ የቀድሞ ተማሪና አዲስ አበባ ያለች እናት የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ ነው፤ በቴሌግራም ለመድረስም ደቂቃ አይፈጅም። ጋዜጠኛ ያልሆነ ሰው እንኳ አንድ ፎቶና ሦስት መስመር ሲለጥፍ የጋዜጠኛን ሥልጣን በእጁ ይዟል።

የትምህርቱን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሟች በሕይወት ሳለ ስለ ማንነቱ ለማን እንደነገረና ለማን እንዳልነገረ የኑዛዜ ያህል ይቆጠርለት። ያንን መስመር የምናልፈው ሕዝብ በእርግጥ የሚያስፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ ስናልፍም በሚያስፈልገው ልክ። ከዚህ በታች ይህን መመዘኛ በእውነተኛ ጉዳዮች ላይ እፈትነዋለሁ። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቃላቱን እናጥራ

የጾታ ማንነት ስንል አንድ ሰው ራሱን ወንድ ወይም ሴት ወይም ሌላ አድርጎ የሚያውቅበትን የውስጥ ዕውቀት ማለታችን ነው። ይህ ዕውቀት ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ ጋር የማይገጥምለትን ሰው ትራንስጀንደር፣ ባጭሩ ትራንስ እንለዋለን። ትራንስ ሴት ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራሷን ግን ሴት መሆኗን የምታውቅ ናት። ይህ አንድ ሰው ማንን ያፈቅራል ከሚለው ጥያቄ የተለየ ነው። በአማርኛ ወሬ ሁለቱ ነገሮች በአንድ የስድብ ቃል ስለሚጠቀለሉ፣ ስለ አንዱ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ስለ ሌላውም እንደ ተነገረ ሆኖ ይነበባል። የሚጽፍ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የዶክተር ቪ ጉዳይ

በዚህ ርእስ ላይ ብዙ የጋዜጠኝነት መምህራን የሚያነሡት ጉዳይ የተከሰተው በአሜሪካ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2014 በኢኤስፒኤን ሥር የነበረው ግራንትላንድ ኬሌብ ሃናን የጻፈውን አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የሚጀምረው ኳስን ወደ ጉድጓድ ለማስገባት ከሚያገለግል አዲስ የጎልፍ ዱላ ነው። ዱላውን የፈለሰፈችው ሴት «ዶክተር ቪ» በሚል ስም ትታወቅ ነበር። ለጸሐፊው ስትተባበር አንድ ነገር አጥብቃ ጠይቃ ነበር፤ ጽሑፉ ስለ ሳይንሱ እንጂ ስለ ሳይንቲስቷ እንዳይሆን።

ጸሐፊው ሲያጣራ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ አለኝ ያለችው የትምህርት ማዕረግና ሠራሁ ያለችው የመከላከያ ሥራ እውነት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ትራንስ ሴት ነበረች። ገና መረጃ በመሰብሰብ ላይ ሳለ ይህን ሁለተኛውን ነገር በዱላው ሥራ ላይ ገንዘብ ላዋለ አንድ ሰው ነገረው። ዶክተር ቪ በኦክቶበር 2013፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ራሷን አጠፋች። የአንድን ሰው ሞት በአንድ ምክንያት ማሰር ተገቢ አይደለምና እኔም አላደርገውም። ጽሑፉ ከሦስት ወር በኋላ ወጣ፤ የጾታ ማንነቷንም ከሐሰተኛው የትምህርት ማስረጃ ጎን፣ እንደ አንድ ተጨማሪ የተጋለጠ ማታለል አድርጎ አቀረበው።

ሁለቱን ግኝቶች ለያይተን እንያቸው። ሰዎች በትምህርት ማዕረጓ ተማምነው ገንዘባቸውን ሰጥተዋል፣ ዱላውንም ገዝተዋል። ይህን መመርመር የጋዜጠኛ ሥራ ነው፤ ሞትም አያስቀረውም። የጾታ ማንነቷ ግን ዱላው ኳስን እንዴት እንደሚመታም ሆነ ገንዘብ ያወጣው ሰው ምን እንደደረሰበት አይነግረንም። ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፦ አንቀጹን አውጡትና ጽሑፉን እንደገና አንብቡት። ታሪኩ ከቆመ አንቀጹ ለታሪኩ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። የሐሰተኛው ማዕረግ ታሪክ ያለ እርሱ ይቆማል።

ጃንዋሪ 20 ቀን የግራንትላንድ ዋና አዘጋጅ ቢል ሲመንስ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን ከ13 እስከ 15 የሚሆኑ ሰዎች እንዳነበቡት፣ ነገር ግን ስለ ትራንስ ሰዎች ሕይወት በቅርብ የሚያውቅ አንድም ሰው እንዳልተጠየቀ አመነ። በዚያው ዕለት እዚያው ቤት የቤዝቦል ጸሐፊ የነበረችውና ራሷም ትራንስ የሆነችው ክሪስቲና ካርል ስሕተቱ የት እንደነበረ አስረድታ ጻፈች። አማካሪዋ ሴት በዚያው ድርጅት ውስጥ ነበረች ማለት ነው። ብዙ ሰው አነበበው ማለት ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አነበበው ማለት አይደለም።

እኔም እዚህ ዶክተር ቪን የጠራኋት በሥራዋ በምትታወቅበት ስም ብቻ ነው። የቀድሞ ስሟን አልጻፍኩም፤ ትምህርቱ እንዳልጎደለበት አንባቢ ይፍረድ።

ቶሮንቶ የምታስተምረን፦ ዝምታም ውሳኔ ነው

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መልሱ ዝም ማለት ነዋ» ሊል ይችላል። የገዛ ከተማችን ታሪክ ግን እንዲህ አይቀልም።

አሉራ ዌልስ የ27 ዓመት ትራንስ ሴት ነበረች፤ ቋሚ መኖሪያ አልነበራትም። በኦገስት 2017 በሮዝዴል ሸለቆ ውስጥ አስከሬን ተገኘ። ፖሊስ ለሕዝብ መግለጫ ሳይሰጥ ወራት አለፉ። አስከሬኑ የእሷ መሆኑ የታወቀው ቤተሰቧ መጥፋቷን ካመለከቱ በኋላ በኖቬምበር ነው። ስሟን፣ ፎቶዋንና ትራንስ ሴት መሆኗን አደባባይ ያወጡት የሚወዷትና የሚፈልጓት ሰዎች ነበሩ። አሉራ በሴትነት በግልጽ የኖረች ናት፤ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ላይ ይህንን መተው መስመሯን መጠበቅ አይሆንም። ፍለጋውን ማዳከም ነው የሚሆነው፤ በአንድ ስምና መልክ የሚያውቋትን ሰዎች በሌላ ስምና መልክ ፈልጉ ማለት ነውና።

ሁለተኛው የሱመያ ዳልማር ጉዳይ ነው። ሱመያ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ የ26 ዓመት ትራንስ ሴት ነበረች፤ በፌብሩዋሪ 2015 እዚህ ቶሮንቶ ውስጥ አረፈች። በማኅበራዊ ሚዲያ ወዲያው «ተገደለች» የሚል ዜና ተሰራጨ፤ ፖሊስ ግን ጉዳዩን እንደ ግድያ እንዳልያዘው ተናገረ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። ማንነቷ በወዳጆቿ ዘንድ በግልጽ የሚታወቅ ስለነበር እሷን በሴትነቷ መዘከር አዲስ ነገር ማጋለጥ አልነበረም። አሟሟቷን ግን ማንም ገና አላወቀም ነበር። ስለ ማንነት ተገቢውን ቃል የመረጠ ሰው ስለ ሞት ምክንያት ያልተረጋገጠ ነገር ሊጽፍ ይችላል፤ አንዱን በትክክል መሥራት ሌላውን አያስቀርም።

ሦስተኛው ከጾታ ማንነት ሳይሆን ከፍቅር ዝንባሌ ጋር የተያያዘ ነው፤ ግን ከርእሳችን አይርቅም። ብሩስ ማክአርተር ከ2010 እስከ 2017 ስምንት ወንዶችን ገድሎ በጃንዋሪ 2018 ተያዘ፤ በጃንዋሪ 2019 ጥፋተኛነቱን አመነ። ብዙዎቹ ሟቾች ከደቡብ እስያና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ስለ ሕይወታቸው ለቤተሰባቸው አልተናገሩም ነበር። በቸርችና ዌልስሊ ሠፈር የሚኖሩ ሰዎች ሰው እየጠፋ መሆኑን ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። አብዛኞቹን ሟቾች የሚያገናኛቸው ነገር ያ ሠፈር ነበርና ጋዜጦች ያንን ባይጽፉ ኖሮ በሕይወት ያሉት ሊጠነቀቁ፣ ፖሊስም ሊጠየቅ ባልቻለ። መስመሩን የሚያሳልፍ የሕዝብ ጥቅም ማለት ይህ ነው። ቢሆንም አስፈላጊው ነገር በሠፈሩ ውስጥ የነበረው አደጋ ነው፤ የእያንዳንዱ ሟች የግል ገጽ፣ መልእክትና የትዳር ዝርዝር አይደለም።

እነዚህ መጥፋቶችና ሞቶች የቀድሞዋ ዳኛ ግሎሪያ ኤፕስታይን የመሩትን ገለልተኛ ምርመራ አስከተሉ። በኤፕሪል 2021 የወጣው ሪፖርት 151 ምክረ ሐሳቦች ያሉት ሲሆን የአሉራን ጉዳይም መርምሯል። ለጋዜጠኛ ጥናቱ የሚነግረው አንድ ነገር አለ፤ ማንነታቸው የተናቀ ሰዎች ሲጠፉ ዝምታ ገለልተኛ አይደለም።

ደንቡና ሕጉ ምን ይላሉ?

የካናዳ ጋዜጠኞች ማኅበር የሥነ ምግባር መመሪያ የአንድን ሰው ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ የፍቅር ዝንባሌ ወይም የጾታ ማንነት ለታሪኩ አግባብነት ከሌለው በቀር አናነሣም ይላል። ቁልፉ ቃል አግባብነት ነው። «አንባቢ ይገረማል» አግባብነት አይደለም። «ሌላ ጋዜጣ ጽፎታል»ም አይደለም፤ ሌላው ቢሳሳት የእኛን ስሕተት ትክክል አያደርገውም።

ሕጉን ስንመለከት ሟች ብዙ ጠበቃ የለውም። እንግሊዛዊውን የልማድ ሕግ በሚከተሉት የካናዳ ክፍላተ ሀገር የሞተ ሰው ስሙ ጠፋ ተብሎ ክስ አይመሠረትም። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመሩበት የግል መረጃ ሕግ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው መረጃ እንደ ግል መረጃ አይቆጥርም። በንግድ ድርጅቶች ላይ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ለጋዜጠኝነት ሲባል ብቻ የተሰበሰበን መረጃ ከነጭራሹ አይመለከትም። ጠንከር የሚለው የኦንታርዮ የ2004 የጤና መረጃ ሕግ ነው፤ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ሰው ከሞተ በኋላም በአብዛኛው እስከ 50 ዓመት ድረስ ምስጢሩን መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ በሆስፒታል የሚሠራ ወዳጃችን «አስከሬኑን ሲያዩት እንዲህ ሆኖ ተገኘ» ብሎ ቢነግረን፣ የያዝነው ዜና ሳይሆን ሕግ የተጣሰበት መረጃ ነው።

አንድ ሌላ የቶሮንቶ ጉዳይ እዚህ ላይ ይረዳናል። ባለጸጎቹ ባልና ሚስት ባሪና ሃኒ ሸርማን በዲሴምበር 2017 በቤታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የውርስ መዝገባቸው እንዲታሸግ ሲጠየቅ የቶሮንቶ ስታር ጋዜጠኛ ኬቨን ዶኖቫን ተቃወመ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2021 በአንድ ድምፅ መዝገቡ መታሸግ የለበትም አለ፤ የቀሩት ሰዎች ማፈራቸው ወይም አለመመቸታቸው ብቻ አይበቃም። በዚያው ውሳኔ ግን የሰውን ክብር የሚነካ የግል መረጃ መጠበቅ ራሱ የሕዝብ ጥቅም ሊሆን እንደሚችል ተናገረ፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ የፍቅር ዝንባሌ ነበር። ጉዳዩ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ ለኛ ግን ጥሩ ሚዛን ይሰጠናል። ነባሪው ደንብ ግልጽነት ነው፤ ነገር ግን የሰውን ማንነት እስከ ሥሩ የሚነካ መረጃ እንደ ባንክ ደብተር አይታይም።

ሕግ የሚፈቅደው ሁሉ ግን የሚገባ አይደለም። ሕጉ ብዙ ስለሚፈቅድልን ነው ሥነ ምግባሩ የሚያስፈልገን።

በአማርኛ ሲጻፍ፦ ግሳችን ምስጢር አይጠብቅም

የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ብዙ የሚጨነቁት ስለ ተውላጠ ስም ነው። የእኛ ችግር ይብሳል፤ በአማርኛ ግሱ ራሱ ይናገራል። «ተወለደች፣ ተማረች፣ አረፈች» ወይም «ተወለደ፣ ተማረ፣ አረፈ» ሳንል አንድ የሕይወት ታሪክ አንጨርስም። «ሟች» ገለልተኛ ነው፤ «ሟቹ» ወይም «ሟቿ» ስንል ግን ፍርድ ሰጥተናል። እንግሊዝኛ ዜና የሚተረጉም ልጅ ሳያስበው በአንድ ፊደል የሰውን ሕይወት ሊሽር ይችላል።

ቋንቋችን ግን ሌላ ነገርም ሰጥቶናል፤ የአክብሮት አነጋገራችን ጾታ አይለይም። «አረፉ»፣ «እርሳቸው»፣ «ሥራቸው» ወንድም ሴትም ይችላል። አንድ ምሳሌ ላሳይ። ዶክተር ጀምስ ባሪ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበሩ። በ1826 በኬፕታውን እናትም ልጅም የተረፉበትን የቀዶ ሕክምና ማዋለድ ሠርተዋል። ከ1857 ጀምሮ እዚሁ ካናዳ ተመድበው የጦሩን ሆስፒታሎች በዋና ተቆጣጣሪነት መርተዋል። በጁላይ 1865 ለንደን ውስጥ ሲያርፉ፣ አስከሬናቸውን የገነዘችው ሴት ገላቸው የሴት እንደነበር አወራች፤ በወሩ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ካደጉ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወንድነት የኖሩ ሰው ነበሩ። የሞት ምስክር ወረቀቱን የፈረሙት ሐኪም ስለ ነገሩ ሲጠየቁ፣ ዶክተር ባሪ ወንድ ይሁኑ ሴት የእኔ ጉዳይ አልነበረም የሚል መልስ ጻፉ። ሐኪሙ የሥራ ድርሻቸውን ያውቁ ነበር፤ የሞትን ምክንያት መጻፍ።

ይህን አንቀጽ ስታነቡ ግሶቹ ስለ ዶክተር ባሪ ጾታ የፈረዱት ነገር የለም፤ ምክንያቱም የአክብሮት ግስ ነው የተጠቀምኩት። እርግጥ ለሃያ ዓመት ወጣት «አረፉ» ሲባል ለጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ በዜና ዕረፍት ላይ ግን አይነወርም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው። እንደ አሉራ በግልጽ በሴትነት የኖረችን ሰው «እርሳቸው» እያልን ብንሸሽ ያከበርን መስለን መደበቃችን ነው። የአክብሮት ግስ የሚጠቅመው መስመሩ የት እንደነበረ ባልታወቀ ጊዜ ነው።

ስለ ስምም እንዲሁ። በክርስትና ስሙ የሚጠራና በዓለም ስሙ የሚጠራ አንድ ሰው እንዳለ እናውቃለን። በፍትሐት ላይ ካህኑ የክርስትና ስሙን ሲጠራ፣ ጋዜጣው ሰው በሚያውቀው ስም ይጽፋል፤ ማንም «ስሙን ደበቁት» አይልም። ሰውን ኖሮበት ባለፈው ስም መጥራት ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም።

መርዶና ቴሌግራም

ባህላችን በሞት ወሬ አነጋገር ላይ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። የቅርብ ሰው ይጠራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ ብቻዋን ላለች እናት በስልክ አይነገርም። ሥርዓቱ የሚያስተምረው የቅደም ተከተልን ነገር ነው፤ ከሁሉ በፊት ማን ይስማ? ማንስ አጠገቡ ይሁን? ዜናችንም ይህን ይጠይቃል። አንዲት እናት የልጇን ሞትና ስለ ልጇ የማታውቀውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከማታውቀው ገጽ ላይ ማንበብ የለባትም።

አደጋው ከኀዘንም ያልፋል። በኦንታርዮ የጾታ ማንነት ከ2012 ጀምሮ በሰብአዊ መብት ሕግ ከአድልዎ የተጠበቀ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ያስቀጣል፤ በሕዝብ ዘንድም ይህና የጾታ ማንነት አይለዩም። ስለዚህ ዳንፎርዝ ላይ የተጻፈ አንድ ዜና ዕረፍት በሌላ ሕግ ሥር ባለ ሠፈር ይነበባል። ሟች ከዚህ በኋላ ምንም አይደርስበትም። በፎቶው ላይ አቅፎት የቆመው ጓደኛ፣ አብሮት የተከራየው፣ አገር ቤት ያለችው እህት ግን በሕይወት አሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ነው፤ የተለጠፈ ገጽ ቢሰረዝም ፎቶው ተነሥቶ ሄዷል።

እዚህ ላይ ስለ «ሙት ወቃሽ» የጀመርኩትን ልጨርስ። የሰው ጾታ ማንነት ጥፋት አይደለምና መጥቀሱ በራሱ ወቀሳ አይሆንም። ወቀሳ የሚሆነው እንደ ተጋለጠ ጉድ አድርገን ስንጽፈው ነው። «በእርግጥ ግን ወንድ ነበረች»፣ «ዓለምን አታልሎ የኖረው» የሚሉ አርእስቶች መረጃ ከመስጠት ይልቅ ፍርድ ይሰጣሉ።

ልምምድ

የሚከተለው ለመማሪያ ያሰናዳሁት እንጂ የደረሰ ነገር አይደለም። አንዲት የማኅበራችን አባል በድንገት አረፈች እንበል። ኮሌጅ ውስጥ በሴት ስም ትጠራ ነበር፤ የተማሪ መታወቂያዋም በዚያው ስም ነው። ቤተሰቧ ከአገር ቤት የወንድ ስምና የወንድ ልብስ ለብሳ የተነሣችውን የቆየ ፎቶ ልከው በዚህ አውጡልን ይላሉ። ጓደኞቿ ደግሞ «ማን እንደነበረች ዓለም ይወቅ» ይላሉ። አዘጋጇ ምን ታድርግ?

እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ መስመሩን እፈልጋለሁ፤ ለማን ነግራ ነበር? ኮሌጅ ውስጥ በይፋ በዚያ ስም ከኖረች፣ ለኮሌጁ አንባቢ በዚያ ስም መጻፍ ማጋለጥ አይደለም። ለቤተሰቧ አለመንገሯ ግን ሌላው የመስመሩ ጫፍ ነው። የጓደኞቿ ፍቅር የእሷን ፈቃድ አይተካም፤ የቤተሰቡም ኀዘን የሕይወቷ ባለቤት አያደርጋቸውም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ጋር በስልክ ሳልነጋገር አልጽፍም። ቤተሰቡን ሳነጋግር የማያውቁትን የምነግራቸው እኔ አልሆንም፤ ኮሌጅ ውስጥ በምትታወቅበት ስም እንደምንጽፍ ብቻ ማሳወቅ እንኳ ምስጢሩን የሚከፍት ከሆነ፣ በአደባባይ ገጽ ላይ መውጣቱ ይቅር እላለሁ። ያን ጊዜ ጓደኞቿ በግቢው ውስጥ፣ በሚያውቋት ስም፣ ሻማ አብርተው ይሰብሰቡ፤ ማኅበሩም ይቁምላቸው። ማድረግ የሌለብኝ አንድ ነገር ነው፦ ቤተሰቡን ለማስደሰት ብዬ ኖራ የማታውቀውን ሰው በእሷ ስፍራ መቅበር። እውነቱን ሁሉ አለመናገር አንድ ነገር ነው፤ ሐሰት መጻፍ ሌላ።

የአሟሟትን ምክንያት በሚመለከት፣ ራስን ማጥፋት ከሆነ ዘዴውን አንጽፍም፤ ለሚያነብ ሰውም የእርዳታ መንገድ እንጠቁማለን። በካናዳ ውስጥ በ988 ቀንና ሌሊት መደወል ወይም አጭር መልእክት መላክ ይቻላል።

ከመለጠፍ በፊት የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

1. ሟች ራሱ ወይም ራሷ ይህን በአደባባይ ተናግረው ነበር? ወይስ ለጥቂቶች ብቻ?

2. አንቀጹን ብናወጣው ታሪኩ ይቆማል?

3. መረጃውን የሰጠን ማነው? እርሱስ የመናገር መብት አለው?

4. ዝም ብንል የሚጎዳ ሰው አለ? የሚፈለግ ሰው፣ ያልተያዘ ገዳይ፣ ያልተጠየቀ ባለሥልጣን?

5. ብንናገር በሕይወት ካሉት መካከል ማን ይጎዳል? እዚህስ? አገር ቤትስ?

6. ጉዳዩን በራሱ ሕይወት የሚያውቅ አንድ ሰው ጽሑፉን አንብቦታል?

ለአራተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ መስመሩን ማለፍ ሊገባ ይችላል፤ የአሉራ ፍለጋና የቸርች መንገዱ ሠፈር ይህንን አሳይተውናል። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ሟች በሕይወት ሳለ የጠበቀውን እኛም እንጠብቅለት።

ለውይይት፦ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ እነዚህን ብንነጋገርባቸው እወዳለሁ። ከሞት በኋላ ስንት ዓመት ሲያልፍ ጋዜጠኛ የታሪክ ጸሐፊ ይሆናል? ስለ ዶክተር ባሪ ዛሬ መጻፍ በ1865 ከመጻፍ የሚለየው በምንድን ነው? የማኅበራችንስ ዜና ዕረፍት የሚወጣው በማን ፈቃድ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ ከሚቀጥለው ሞት በፊት በጽሑፍ የሰፈረ መልስ ቢኖረን መልካም ነው።